ታብሌቱና የተሰረዘው ቃል

ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 አይፓድን ሲያሳይ ምቹ ወንበር ላይ ተደላድሎ ነበር፤ የጽሕፈት ጠረጴዛ አላስፈለገውም። ዕቃው ለንባብና ለማየት መወለዱን ያኔውኑ ነግሮናል። እኔ ግን የሥራ ጓደኛ ላድርገው ብዬ በቦርሳዬ ይዤው እዞራለሁ።

በንባብ አላማውም፤ አንድ መደርደሪያ ሙሉ መጻሕፍት ከአንድ ኪሎ በታች አድርጎ ይሸከምልኛል። አፕል በ2015 ብዕር ከጨመረለት ወዲህ ረቂቅም አርምበታለሁ። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ወረቀት ላይ የሰረዝኩት ቃል ከሰረዙ ሥር ሆኖ ይታዘበኛል፤ አንዳንዴም ከተተካው ልቆ ይገኛል። መስታወቱ ግን ያለ ጠባሳ ይጠርገዋል።

ጓደኛ ሸክም ማቅለል ብቻ ሳይሆን ያመነታንበትንም ማስታወስ አለበት። ስለዚህ ንባቤን ለታብሌቱ ሰጥቻለሁ፤ የመጀመሪያ ረቂቄን ግን ለወረቀት።