ከከያኒው ጋር የሚደረግ ውይይት፤ ለአካባቢ ጥበብ ትምህርት ያለው ጥቅምና ጉድለቱ

መግቢያ

በጽሑፍ ያልሰፈረ ዕውቀት የሚገኘው በባለቤቱ እጅ፣ ጆሮና አንደበት ነው። በኢትዮጵያ ከቤተ ክርስቲያን ዜማ በቀር በምልክት ተጽፎ የቆየ የሙዚቃ ትምህርት እምብዛም የለም። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት የዜማ ስልቶች መምህራን፣ መጻሕፍትና የንባብ ምልክት ስላላቸው ደቀ መዝሙሩ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ቢሄድ ትምህርቱን ይከታተላል። የማሲንቆው፣ የክራሩ፣ የዋሽንቱና የእምቢልታው ዕውቀት ግን የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ነው። በዚህም ምክንያት የአካባቢውን ጥበብ ሊያስተምር የተነሣ መምህር የመጀመሪያው የትምህርት መሣሪያው ከባለሙያው ጋር የሚያደርገው ውይይት ይሆናል።

ከከያንያን ጋር የተደረጉ ቃለ ምልልሶች በጋዜጣ፣ በመጽሔትና በሬዲዮ፣ ከዚያም በቴሌቪዥን ለብዙ ዓመታት ሲቀርቡ ኖረዋል። ብዛታቸው የሚናቅ አይደለም። ሆኖም መምህሩ ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ወስዶ ለክፍል ትምህርት ሊያዘጋጅ ሲሞክር በእጁ የሚቀረው ጥቂት ነገር ነው። ይህ ጽሑፍ የዚህን ምክንያት መርምሮ ለመምህራንና ለሥርዓተ ትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚበጀውን ለማመልከት ይሞክራል።

ስለ ሰውየው እንጂ ስለ ሙያው የማይጠይቅ ውይይት

የተለመደው ቃለ ምልልስ የራሱ መንገድ አለው። ከትውልድ ስፍራ ይጀምራል፤ ወደ ልጅነት ዘመን ያልፋል፤ ወላጆች የሙዚቃን ሙያ እንዴት እንደተቃወሙ ያስተርካል፤ የመጀመሪያውን መድረክ ያነሣል፤ በመጨረሻም ለወጣቱ ምክር አስለግሶ ይሰናበታል። ይህ ዓይነቱ ትረካ ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም። አዝማሪ የሚለው ቃል ዘመረ ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ሆኖ ሳለ በዕለት ተዕለት ንግግር እንደ ስድብ ሲያገለግል መኖሩን የሚያስረዳው የባለሙያው የሕይወት ታሪክ ነው። ተማሪዎችም ይህን ሲሰሙ ስለ ሙያ ንቀት በማስተዋል ሊወያዩ ይችላሉ።

ጉድለቱ ውይይቱ ከዚህ ሳያልፍ መቅረቱ ነው። ማሲንቆ አንድ ጭራ ብቻ ሳለው ያን ሁሉ ዜማ እንዴት ያወጣል? ጣት ጭራውን የሚነካው በምን ልክ ነው? አዝማሪው ከታዳሚው አንዱ ተቀበል ብሎ ግጥም ሲወረውርለት ቃሉን ሰምቶ፣ ከዜማው ጋር አስማምቶ፣ ቤቱን ሳያፈርስ የሚመልሰው በምን ልምምድ ነው? ሰሙን ለአንዱ፣ ወርቁን ለሌላው ሲያደርስ ፊቱን ወደ ማን ያዞራል? እነዚህ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ አይነሡም። ጠያቂው ስለ ጉዳዩ ስለማያውቅ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ አንባቢው አይወደውም ብሎ ስለሚገምት። ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ ባለሙያው በሙያው ሳይጠየቅ ይሰናበታል።

ስለ በገና የሚሰጠው ትምህርት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በገና አሥር አውታር ያለው መሣሪያ መሆኑን ተማሪው ያጠናል፤ በፈተናም ይጠየቃል። ስለ አደራደሩ ከደርዳሪ ጋር የተነጋገረ ሰው ግን ቁጥሩ ብቻውን ብዙ እንደማያስረዳ ይገነዘባል። በስፋት በሚታወቀው አንድ አደራደር የሚመቱት አንደኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛው፣ ስምንተኛውና አሥረኛው አውታሮች ሲሆኑ፣ የቀሩት አራቱ ለጣት ማረፊያ ያገለግላሉ። አሥሩንም አውታር የሚጠቀም አደራደር ደግሞ አለ። የበገናን ድምፅ ከክራር የሚለየው ጥልቅ ንዝረትም የሚገኘው በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከሚገባው እንዚራ ከተባለው የቆዳ ቁራጭ ነው። እንዚራው በትንሹ ሲንቀሳቀስ ድምፁ ይለወጣል። ይህን ሁሉ ሊያስረዳ የሚችለው መሣሪያውን በጉልበቱ መካከል ያቆመው ሰው ነው። በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ ሙያውን ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተምረው በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ማስተማራቸው የሚታወቅ ነው። የዚህ ዓይነቱ የመምህርና የደቀ መዝሙር ሰንሰለት ራሱ የትምህርት ዘዴ ጥናት ሊሆን ሲገባው፣ በብዙ ቃለ ምልልስ እንደ አንድ የሕይወት ገጠመኝ ብቻ ይታለፋል።

ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት

ሁለተኛው ጉድለት የቋንቋ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት አራቱ ቅኝቶች በሙዚቃ ትምህርት እንደ ድምፅ መሰላል ተደርድረው ይሰጣሉ። እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች ላይ የቆሙ ናቸው፤ ትዝታም ሙሉና ግማሽ ተብሎ ይከፈላል። ይህ አደራደር ለክፍል ትምህርት ምቹ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን እነዚህ ስሞች የዘፈን ስሞችም ናቸው። ባቲና አምባሰል የወሎ ስፍራዎች ናቸው፤ ትዝታም የናፍቆት ዘፈን ነው። ስለዚህ ከሠልጣኝ መምህራን አንዱ ወደ ባለሙያ ሄዶ «ይህ በምን ቅኝት ነው?» ብሎ ሲጠይቅና ባለሙያው «አምባሰል ነው» ብሎ ሲመልስ፣ ጠያቂው ስለ ድምፅ መሰላል፣ ተጠያቂው ስለ ዘፈኑ፣ ስለ ስሜቱና ስለ አገሩ እየተናገሩ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እንደተግባቡ ቆጥረው ይለያያሉ።

ክራር የሚጫወት ሰው ይህን አለመግባባት ሊፈታ ይችላል። ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ሲሻገር አውታሮቹን እንደገና ይቃኛል። በዚያች አጭር ጊዜ የትኛው አውታር ጠበቀ፣ የትኛው ላላ ብሎ በዓይንና በጆሮ የተከታተለ መምህር በሰሌዳ ላይ በተጻፈ መሰላል ከሚያገኘው የበለጠ ያገኛል። ዋሽንት የሚነፋውም ቁመታቸው የተለያየ ዋሽንቶችን ለምን እንደሚይዝ ቢጠየቅ መልሱ ስለ ድምፅ ከፍታና ዝቅታ ሙሉ የክፍል ትምህርት ይወጣዋል።

ከዚህ የከበደው ስሕተት ደግሞ አራቱን ቅኝቶች ለአገሪቱ ሙዚቃ ሁሉ መለኪያ ማድረግ ነው። የኢትዮጵያ ሙዚቃ አራት ቅኝት አለው የሚለው ዐረፍተ ነገር ለብዙው የሰሜንና የመካከለኛው ደጋ አገር ዘፈን የሚያገለግል ሲሆን፣ በደቡብ፣ በምዕራብና በምሥራቅ ያሉትን ሁሉ አይገልጽም። ጨንቻ አካባቢ የሚኖር የዶርዜ ልጅ ይህን ዐረፍተ ነገር ሲያጠና አያቱ በበዓል ቀን የሚያዜሙት ዜማ ከትምህርቱ ውጭ መሆኑን ሳይነገረው ይማራል። ትምህርት ቤት ለአንድ ልጅ ከሚያደርሰው ጉዳት ይህ ቀላሉ አይደለም።

አንድ ሰው ብቻውን የማይናገረው ሙዚቃ

ቃለ ምልልስ በባሕርዩ አንድ ጠያቂና አንድ ተጠያቂ ይሻል። በዚህም የተነሣ በቡድን ብቻ የሚኖረውን ጥበብ ሳያይ ያልፋል። እምቢልታ ለዚህ ማስረጃ ነው። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ሆነው ይነፉታል፤ እያንዳንዱ ነፊ የሚያወጣው ድምፅ ጥቂት ነው። ዜማው የሚወለደው አንዱ ሲያቆም ሌላው ሲቀበለው ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ጠርቶ ስለ ዜማው የሚጠይቅ ሰው ከዐረፍተ ነገር አንድ ቃል ቆርጦ ትርጉሙን እንደሚጠይቅ ያህል ነው። በጊዶሌ አካባቢ የሚታወቀው የዲራሼ ፊላም የሚቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ብዙ ነፊዎች እያንዳንዳቸው የየድርሻቸውን ድምፅ በየተራ ሲያሰሙ ሙዚቃው ይሞላል።

የዶርዜ ዝማሬ ደግሞ በርካታ ድምፆች በአንድ ጊዜ የየራሳቸውን መንገድ ይዘው የሚጓዙበት ነው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን ዝማሬ ቀድቶ ለዓለም አሰምቷል። በአገር ውስጥ ግን የዶርዜ ሰው ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በሸማ ሥራው ነው። ሸማኔው ስለ ድርና ማግ ተጠይቋል፤ ስለ ዝማሬው የጠየቁት ጥቂቶች ናቸው። ለትምህርት ግን ሁለቱም ያስፈልጋሉ። እንዲህ ባለው ስፍራ የሚደረግ ውይይት ቡድኑን በሙሉ ያቀፈ መሆን አለበት፤ አንድ ድምፅ ለጊዜው እንዲያቆም ተጠይቆ የቀረው እንዴት እንደሚሰማ ቢደመጥ ከማናቸውም የቃል ማብራሪያ ይልቅ ያስተምራል።

መድረኩ ያተረፈውና ያጎደለው

የአካባቢ ጥበባትን ወደ አንድ መድረክ የማምጣቱ ጥረት ረዘም ያለ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1963 በግብፅ ተወላጁ የሙዚቃ ቀማሪ በሀሊም ኤል ዳብ የተመሠረተውና ኋላም በተስፋዬ ለማ የተመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተለያይተው ይኖሩ የነበሩ መሣሪያዎችን አቀናጅቶ አሰምቷል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖችም በየክፍለ ሀገሩና በየቀበሌው ብዙ ወጣቶችን አሠልጥነዋል። ጥበቡ እንዲታወቅና ባለሙያው ከንቀት እንዲወጣ በማድረግ ረገድ የእነዚህ ጥረቶች ድርሻ መመስገን ይገባዋል።

ሆኖም መድረክ የራሱ ሕግ አለው። ጊዜው አጭር ነው፤ ተመልካቹ ከፊት ለፊት ነው፤ ሁሉም በአንድ ልክ መሰለፍ አለበት። በዐቢይ ጾም ለጸሎት የሚደረደረው በገናና ለሠርግ የሚመታው ማሲንቆ በአንድ መርሐ ግብር ሲከታተሉ፣ ለምን ተለያይተው ይኖሩ እንደነበር ይረሳል። ጎሕ ሳይቀድ በየደጃፉ እየዞሩ የሚያዜሙት ላሊበሎች በቀን ብርሃን መድረክ ላይ ሲወጡ፣ ዜማቸው ቢኖርም ሰዓታቸውና ደጃፋቸው ይቀራል። በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን በየትምህርት ቤቱ የሚቀርበው የብሔር ብሔረሰቦች ትርኢትም ከዚህ ችግር አላመለጠም። ተማሪዎች ልብሱን ይለብሳሉ፣ ውዝዋዜውን ይወዛወዛሉ፤ ዘፈኑ መቼ፣ በማን፣ ለምን እንደሚዘፈን ግን ብዙ ጊዜ አይነገራቸውም። ትርኢቱን የሚያዘጋጁት መምህራን ከበዓሉ በፊት አንድ የአካባቢ ባለሙያ ጋብዘው ተማሪዎቹ እንዲጠይቁት ቢያደርጉ ትርኢቱ ትምህርት ይሆናል።

ለመምህሩና ለዕቅድ አውጪው

ከላይ ከተባለው የሚከተሉት ሐሳቦች ይወጣሉ። በመጀመሪያ ውይይቱ መሣሪያው በእጅ ተይዞ ይደረግ። ባለሙያው በቃል ሊገልጸው የማይችለውን በእጁ ያሳያል፤ «እንዴት?» የሚለው ጥያቄም «መቼ ጀመሩ?» ከሚለው ይቅደም። ሁለተኛ፣ ባለሙያው በሚያስብበት ቋንቋ ይጠየቅ። በዶርዝኛ ወይም በዲራሽኛ ስም ያለውን የድምፅ ድርሻ በአማርኛ ስም ለመጥራት መቻኮል ዕውቀቱን ያደበዝዘዋል። የአካባቢው ስም ከነትርጉሙ ተመዝግቦ ወደ ክፍል ይግባ። ሦስተኛ፣ ጥበቡ በጊዜውና በስፍራው ይታይ፤ የትምህርት ዓመቱ የቀን መቁጠሪያ ሲዘጋጅ የአካባቢው በዓላትና ጾሞች ከግምት ውስጥ ይግቡ።

አራተኛው የመብት ጉዳይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለከዋኞች መብት ዕውቅና ሰጥቷል። ትምህርት ቤትም ባለሙያን ጋብዞ ድምፁን ሲቀዳ ፈቃዱን መጠየቅ፣ ስሙን መመዝገብ፣ ከቅጂው አንዱን መመለስና ለድካሙ ተገቢውን አበል መክፈል አለበት። የሒሳብ ወይም የሳይንስ ባለሙያ ሥልጠና እንዲሰጥ ሲጠራ አበል የሚያዘው በጀት፣ ማሲንቆ የሚመታው ሰው ሲጠራ ምስጋና ብቻ ይበቃዋል ብሎ ማሰቡ ያንኑ የቆየ ንቀት በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ መቀጠል ነው። ዕቅድ አውጪው ለዚህ የሚሆን ጥቂት ገንዘብና በሳምንቱ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ካልመደበ፣ የጥበብ ትምህርት በመጽሐፍ ሥዕል ላይ ተወስኖ ይቀራል።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም እንዲሁ፣ ዕጩ መምህሩ ከመመረቁ በፊት ከአንድ የአካባቢ ባለሙያ ወይም ቡድን ጋር የተሟላ ውይይት አድርጎ፣ ያን ወደ አንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት መለወጥን ቢለማመድ ጥቅሙ ብዙ ነው። እንዲህ የሠለጠነ መምህር በተመደበበት ገጠር መጽሐፍ ባይደርሰው እንኳ የትምህርቱ ምንጭ በጎረቤቱ እንዳለ ያውቃል።

ከከያኒው ጋር የሚደረግ ውይይት በጎ ልማድ ነው፤ ሊቀጥልም ይገባዋል። የጎደለው ባለሙያውን እንደ መምህር አድርጎ የመጠየቅ ልምድ ነው። የእምቢልታ ነፊው፣ የበገና ደርዳሪውና የዶርዜ አዛውንት የሚያውቁት በሌላ ስፍራ አይገኝም። እነርሱ ሲያልፉም መልሱ አብሮ ያልፋል፤ ስለዚህ ሊጠየቁ የሚገባው ዛሬ ነው።