«ሰጪው» በመጽሐፍና በሲኒማ

ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም ይላል ያገራችን ሰው። ነገር ግን ወጊውም ተወጊውም አንድነት ቢረሱ፣ ቂሙም ኀዘኑም ከሕዝብ ልብ ጨርሶ ቢፋቅ፣ ይህ ሰላም ይባላልን? ባለፉት ዓመታት ኀዘን በብዙ ቤት በገባበት በወለጋ ምድር፣ ከነቀምቴ እስከ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ፣ «ምነው በረሳነው» ብሎ ያልተመኘ ሰው ጥቂት ነው። ይህንኑ ጥያቄ ለወጣቶች በተጻፈ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ውስጥ ስላገኘነው፣ መጽሐፉንና ከመጽሐፉ የተሠራውን ሲኒማ አስተያይተን ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን።

መጽሐፉ አሜሪካዊቱ ደራሲ ወይዘሮ ሎይስ ላውሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ያሳተሙት «ዘ ጊቨር» ነው፤ ባማርኛ «ሰጪው» ብንለው ይስማማል። በሚቀጥለው ዓመት በ1994 በአገራቸው ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውቤሪ ሜዳይ አገኘ። ሲኒማውን ፊሊፕ ኖይስ አዘጋጅቶት በ2014 ለሕዝብ ታየ። የሰጪውን ቦታ ይዞ የሚጫወተው ጄፍ ብሪጅስ፣ ይህን መጽሐፍ ወደ ሲኒማ ለማምጣት ብዙ ዓመት የደከመ ሰው ነው።

የታሪኩ ስፍራ ራብና ጦርነት የሌለበት ከተማ ነው። የእያንዳንዱን ሰው ሥራና የትዳር ጓደኛ የሚመርጡለት አለቆቹ ናቸው። ያለፈው ዘመን ትዝታ ሁሉ፣ ደስታውም መከራውም፣ ከሕዝቡ ተወስዶ በአንድ ሽማግሌ ላይ ተጭኗል። ዮናስ የተባለው ልጅ የዚህ ሽማግሌ ወራሽ እንዲሆን ይመረጣል፤ ሽማግሌውም እጁን በልጁ ጀርባ ላይ እያኖረ ትዝታውን ያወርሰዋል። እንዲህ ያለውን፣ ከውጭ ሲያዩት ያማረ ከውስጥ ግን የከፋ ከተማ የሚያሳየውን ድርሰት ፈረንጆች ዲስቶፒያ ይሉታል።

የመጽሐፉና የሲኒማው ልዩነት ገና ከመጀመሪያው ይታያል። በከተማው ውስጥ ቀለም የሚባል ነገር የለም፤ ሕዝቡ ቀይና አረንጓዴ መለየት አይችልም። ወይዘሮ ላውሪ ግን ይህን አስቀድመው አይነግሩንም። ዮናስ ከጓደኛው ጋር ፖም እየወረወረ ሲጫወት ፖሙ ለቅጽበት አንድ ነገር የሚለወጥበት ይመስለዋል፤ ምን እንደ ሆነ እርሱም አያውቅም፣ እኛም አናውቅም። ብዙ ገጽ ካለፈ በኋላ ያየው ቀይ ቀለም መሆኑን ሽማግሌው ሲገልጥለት፣ አንባቢው ደንግጦ ወደ ኋላ ይመለከታል። ቀለም በሌለበት አገር ይህን ያህል ጊዜ ኖሮ አላስተዋለም ነበርና፣ እርሱም እንደ ከተማው ሰዎች መሆኑን ያውቃል። ሲኒማው ግን ይህን መሰወር አይሆንለትም። ሥዕሉ ከመጀመሪያው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይመጣል፤ በኋላም ቀለሙ ጥቂት በጥቂት ሲገባ ዐይን ደስ ይለዋል። መጽሐፉ አንባቢውን የመርሳት ተካፋይ ሲያደርገው፣ ሲኒማው ከሩቅ ቆሞ በሌሎች መርሳት የሚያዝን ተመልካች ያደርገዋል።

ሆኖም ሲኒማውን ፈጽሞ መንቀፍ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። በዚያ ከተማ መግደል «ማሰናበት» ይባላል። ሕፃናትን የሚያሳድገው የዮናስ አባት፣ መንታ ሆነው ከተወለዱት ሁለት ሕፃናት ክብደቱ ያነሰውን በመርፌ ሲገድል ዮናስ ያያል፤ አባትየውም ይህን የሚያደርገው በለሰለሰ ድምፅ ሕፃኑን እያባበለ ነው። ይህ ነገር በመጽሐፉም ያስደነግጣል፤ ነገር ግን የአባትየውን የዋህ ፊትና የሕፃኑን ገላ ባንድነት በዐይን ማየት ከቃል ይልቅ ልብን ይሰብራል። የተዋበ ቃል ክፉ ሥራን እንዴት እንደሚሸፍን ሲኒማው በዚህ ስፍራ አሳምሮ አስተምሯል።

የሲኒማው ጕድለት ከዚህ በኋላ ይበዛል። በመጽሐፉ ዮናስ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ በሲኒማው ግን ጕልማሳ ሆኗል፣ ከፊዮና ጋርም በፍቅር ይሳሳማል። በመጽሐፉ በአንድ ጉባኤ ብቻ የምትታየው የከተማው አለቃ፣ በሜሪል ስትሪፕ ተመስላ በየጊዜው የምትከታተለው ጠላት ሆናለች። «ዘ ሀንገር ጌምስ» የተባለው የ2008 መጽሐፍ በ2012 በሲኒማ ወጥቶ ብዙ ገንዘብ ካስገኘ ወዲህ፣ የሲኒማ ነጋዴዎች ለወጣት የሚሆን ታሪክ ሁሉ ፍቅርና ሩጫ ይኑረው ማለታቸው ለዚህ ምክንያት ይመስለናል። ዳሩ ግን ክፋት አንድ ፊት ሲሰጠው ተመልካቹ ያችን ሴት ጠልቶ ይሄዳል። በመጽሐፉ የሚጠላ ሰው አይገኝም፤ ሁሉም መልካም ጎረቤት ነው፣ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት በፍጻሜው ነው። ዮናስ ሊገደል የተፈረደበትን ሕፃን ገብርኤልን ይዞ ይሸሻል፤ እርሱ ሲርቅ ትዝታው ወደ ሕዝቡ ይመለሳል። በሲኒማው ዮናስ ድንበሩን ሲያልፍ ትዝታው ባንድ ጊዜ እንደ ብርሃን ይፈስሳል፤ ሰዎቹም እያለቀሱና እየተገረሙ ይድናሉ። መጽሐፉ ግን እንዲህ ቀላል አላደረገውም። ከዐሥር ዓመት በፊት አንዲት ወጣት የተቀበለችው የአምስት ሳምንት ትዝታ ብቻ ተመልሶባቸው ከተማው በሙሉ ተጨንቆ ነበር። ስለዚህ ዮናስ ሽማግሌውን አብረን እንሂድ ብሎ ሲለምነው እምቢ ይላል፤ ትዝታው በተመለሰ ጊዜ ሸክሙን የሚያግዛቸው ሰው ያስፈልጋቸዋልና በፈቃዱ ይቀራል። በሲኒማው ይህ ሽማግሌ ታስሮ ይታያል። ታስሮ መቅረትና ወዶ መቅረት አንድ አይደሉም። ማስታወስ ብቻውን እንደማያድን፣ ከሚያስታውሰው ሰው አጠገብ የሚቀመጥ ሌላ ሰው እንደሚያሻ ያስተማረውን ክፍል ሲኒማው ጥሎታል።

ይህ ለነቀምቴ ሰው የሩቅ ተረት አይደለም። አስቴር ጋኖ በልጅነታቸው በባርነት ተወስደው ነበር፤ ነጻ ከወጡ በኋላ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። እዚያም 500 ያህል የኦሮሞ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን በጽሑፍ ሰበሰቡ፤ ከዚሁም ከፊሉ እርሳቸውና ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1894 ባሳተሙት የንባብ መጽሐፍ ገባ። ኦኔሲሞስም በልጅነታቸው በባርነት የተሸጡ ነበሩ። በ1904 ወደ ወለጋ መጥተው በነቀምቴ አስተማሩ። እነዚህ ሰዎች መርሳት ቢመኙ ማን በፈረደባቸው? እነርሱ ግን ትዝታውን በአንድ ሽማግሌ ላይ አልጫኑትም፤ ማንም ሊያነብበው እንዲችል አትመው ለሕዝብ አካፈሉት።

በመጽሐፉ መጨረሻ ዮናስና ሕፃኑ በበረዶ ተንሸራትተው መብራት ወደሚታይበት ሲወርዱ፣ መዳናቸው ወይም መሞታቸው አልተነገረም። ደራሲዋ በ2000፣ በ2004 እና በ2012 ባወጧቸው ሦስት መጻሕፍት መልሱን አግኝተናል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው መጽሐፍ ያለ መልስ ሲዘጋ አንባቢው ሐሳቡን ይዞ ያድራል። ስለዚህ ወጣቶች አስቀድመው መጽሐፉን ያንብቡ፤ ሲኒማውን ከዚያ በኋላ ይዩ። ወላጆችም ማታ «ዱሪ ዱሪ» ብለው ተረት ሲጀምሩ የሚጣፍጠውን ብቻ መርጠው አይንገሩ። መራራውንም ይንገሩ፤ ነግረውም ልጁን ብቻውን አይተዉት፣ አጠገቡ ይቀመጡ እንላለን።