የእፉኝት መርዝ ሥዕል ምን ያሳያል? ምንስ ይሸፍናል?

እስቲ ኢንተርኔት ላይ የ«ቫሚን»ን ሥዕል ፈልጉ። ቫሚን በአንድ የአውሮፓ እፉኝት መርዝ ውስጥ የሚገኝ የዕድገት ፋክተር ነው። የዕድገት ፋክተር ማለት ደግሞ «እደግ፣ ተባዛ» የሚል ምልክት ለሴል የሚያደርስ ፕሮቲን ማለት ነው። የምታገኙት ሥዕል በሰፋፊ ቀስቶችና በቀጫጭን ክሮች የተሠራ ባለቀለም ጥብጣብ ነው። ያምራል! ግን ከሚሴ አካባቢ የማሽላ ማሳ አቋርጦ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅ ምን ይጠቅመዋል? ዛሬ የምንተቸው ይህንን ሥዕል ነው።

በመጀመሪያ ጥሩ ጎኑን እንይ። ይህን አሣሣል በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ያስለመደችው አሜሪካዊቷ ጄን ሪቻርድሰን ናት። ከሺህ በላይ አቶሞች ያሉትን ውስብስብ ነገር በአንድ እይታ እንድንረዳ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ያወጡትን የቫሚን ቅርጽ ስታዩ፣ ሁለት ተመሳሳይ ሰንሰለቶች የአንዱ ራስ በሌላው እግር በኩል ሆኖ ተያይዘዋል። በእያንዳንዱ ሰንሰለት ውስጥ ከድኝ የተሠሩ ሦስት ድልድዮች አሉ፤ ሁለቱ ቀለበት ሲሠሩ ሦስተኛው በቀለበቱ መሀል ያልፋል። ፕሮቲኑ በቀላሉ የማይፈታው በዚህ ቋጠሮ ምክንያት ነው። ይኸው ቋጠሮ የእኛን የደም ሥሮች በሚያሳድገው ፕሮቲን ውስጥም አለ። መርዙ የሥጋ ዘመዳችን ነው ማለት ይቻላል!

ታዲያ ጉድለቱ የቱ ጋ ነው? ዓይናችሁ ቶሎ የሚያርፈው ሰፋፊዎቹ ቀስቶች ላይ ነው። የደም ሥር ሴል ላይ ካለው ተቀባይ ጋር የሚገናኙት ግን በአብዛኛው ጫፍ ላይ ያሉት ቀጫጭን ክሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በእባብም በሰውም ሰውነት ውስጥ የሚሠራው የዚህ ቤተሰብ ፕሮቲን እምብዛም አይለያይም። በመርዝ ውስጥ ያለው ግን ከዝርያ ዝርያ በጣም ይለያያል፤ ልዩነቱም የሚበዛው በእነዚያ ክሮች አካባቢ ነው። በአገራችንም የምትገኘው፣ ስትቆጣ ሰውነቷን የምትነፋው እፉኝት (ሳይንሳዊ ስሟ ቢቲስ አሪዬታንስ) የራሷ ዓይነት አላት። ስለዚህ ቫሚንን አይቶ «የእኛም እፉኝት መርዝ እንዲሁ ነው» ማለት አያስኬድም።

ሁለተኛው ጉድለት ይብሳል። ሥዕሉ መልእክተኛውን ብቻውን ያቆመዋል፤ ተቀባዩ የለም፣ የደም ሥሩም የለም። ቫሚን ተቀባዩን ሲይዝ የደም ሥር ግድግዳ ይላላል፣ ፈሳሽ ወደ ሥጋ ይሰርጋል፣ የደም ግፊትም ይወርዳል። በእፉኝት የተነደፈ እግር የሚያብጠው ብዙ የመርዝ ክፍሎች ተባብረው ሕብረ ሕዋስና የደም ሥር ስለሚጎዱ ነው እንጂ መርዙ እዚያ ተጠራቅሞ አይደለም። ይህ ያልገባው ሰው «መርዙ ይውጣ» ብሎ በምላጭ ይበጣል፣ በአፉ ይመጣል ወይም በገመድ ጠፍሮ ያስራል። ሦስቱም ይጎዳሉ። የሚሻለው የተነደፈውን ሰው ማረጋጋት፣ ቀለበትና ጫማውን ማውለቅ፣ እግሩን ሳያንቀሳቅስ ተሸክሞ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው።

እንግዲህ ለአስተማሪዎችም ለእናንተም አንድ ሐሳብ አለን። ጥብጣቡን አትጣሉት፤ ክሮቹን በደማቅ ቀለም ቀቡ፣ ከጎኑም ተቀባዩንና የሚያፈስ የደም ሥር ሳሉ። ከዚያ ሥዕሉን ወስዳችሁ ማሳ ለሚውል ሰው አሳዩትና እግር ለምን እንደሚያብጥ በራሱ አንደበት እንዲነግራችሁ ጠይቁት።