የጠገራ ብር ባሕርይና ምንጭ፤ ከብቸናና ከሞጣ ገበያ አንጻር

ስለ ጠገራ ብር የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወገን ተከፍለው ይገኛሉ። አንደኛው ወገን ገንዘቡ የተወደደው በውስጡ ስላለው ንጹሕ ብር ነው ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ባላገሩ የንግሥቲቱን መልክ ስለ ለመደ ብቻ ነው ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም አስተያየት ወደ ገበያው ሲወርድ ጎዶሎ ነው።

በቅድሚያ ቃሉን መመርመር ይገባል። በግዕዝ «ብሩር» የተባለው ማዕድን በአማርኛ «ብር» ሆኖ ማዕድኑንም፥ ከማዕድኑ የተሠራውንም ገንዘብ፥ ኋላም የወረቀቱን ገንዘብ በአንድ ስም አስጠራ። ዕቃውና ዋጋው በስም አለመለየታቸው የመጀመሪያውን ወገን ሳያሳስተው አልቀረም።

ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ ወዲያ በቪየና፥ ከ1935 ጀምሮም በሮማ፥ በሎንዶን፥ በፓሪስና በብራስልስ የታተመው ጠገራ ሁሉ ያንኑ ዓመት ተሸክሞ ወጣ። ዓመቱ ለታሪክ ጸሐፊ ልብ ወለድ ነው፤ ለነጋዴ ግን ዋስትና ነበረ። ነጋዴው በዘውዷና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች፥ ከደረቷም በታች የጒንዝቡርግ ሹማምንት የሾብልና የፋቢ ምልክት የሆኑትን ሁለት ፊደላት መርምሮ፥ የደበዘዘ ሆኖ ካገኘው አይቀበልም ነበር።

ይህን ልማድ አንዳንዶች የአላዋቂ ግትርነት አድርገው ጽፈውታል፤ ፍርዱ የችኰላ ነው። ከጮቄ እስከ ዓባይ ባለው አገር፥ ሞጣ ወደ ሰባራ ድልድይና ወደ በጌምድር በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ብቸናም በእነማይ ሜዳ፥ እህልና ከብት ሻጩ ሚዛን ይዞ አይወጣም። ጥቃቅኑን በአሞሌ ይገበያያል፤ አሞሌ ግን በክረምት ይሟሟል፥ ዋጋውም ከአፋር ጨው መሬት በራቀ ቍጥር ይወደዳል። ጠገራው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ወርቅ መዛኙም ይህንኑ ክብደት ወቄት ብሎ ይሠራበት ነበር። እንግዲህ ዕንቁው ከጠፋ የብሩ አካል ተፍቋል፥ መስፈሪያውም ጎድሏል ማለት ነው። ምልክቱን ማየት ማዕድኑን በዓይን መመዘን ነበር።

የኢጣልያ ገንዘቦች ነገሩን ያስረዳሉ። እ.ኤ.አ. ከ1890 ወዲህ ለኤርትራ የታተመው ታለሮ ከሺህ 800 እጅ ብቻ ብር ስለ ነበረው፥ ከማርያ ቴሬዛ 833 አንሶ መውደቁ ለመጀመሪያው ወገን ምስክር ይመስላል። የ1918ቱ ግን 835 እጅ ነበረው፤ እርሱም አልተወደደም። የዳግማዊ ምኒልክ ብር እንኳ ይህን ያህል ንጽሕና ይዞ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ በፓሪስ ቢታተም፥ በየአውራጃው ጠገራውን አላስለቀቀም። ጉድለቱ የብር አልነበረም፤ አዲሱን ፊት የሚያነብ ዓይን ገና አልሠለጠነም ነበር። ሁለተኛው ወገንም በዚህ አይጸድቅም፤ መልኩ ብቻ የተወደደ ቢሆን አንጥረኛው ያንኑ ጠገራ አቅልጦ የአንገት መስቀል ባላደረገው ነበር።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲታወጅ፥ ከወረቀቱ ጋር የ50 ሳንቲሙ ገንዘብ ከብር ተሠርቶ የወጣው ጠገራውን ለመተካት ታስቦ ነው።