ውሃውን ሳያስጨንቁ ማጣራት

የባሕርን ሽታ ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ ዳይሜቲል ሰልፋይድ የተባለ የድኝ ጋዝ ነው። መነሻው ደቃቅ ተንሳፋፊ ዕፅዋት፣ ማለትም ፋይቶፕላንክተኖች፣ በሴላቸው የሚያከማቹት ዲኤምኤስፒ የሚባል ውህድ ነው። ሴሉ ሲበላ ወይም ሲፈነዳ ውህዱ ይፈስና በኢንዛይም ተሰንጥቆ ጋዙ ይወጣል። ድኝን ከባሕር ወደ የብስ የሚያሻግረው ይህ ጋዝ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሳይንቲስቱ ጄምስ ላቭሎክና ባልደረቦቹ በ1972 እ.ኤ.አ. ጻፉ። በደመና አፈጣጠር ላይ ስላለው ድርሻ ከ1987 ወዲህ የተነሳው ክርክር ደግሞ እስካሁን አልተቋጨም።

በአብዛኛው ውቅያኖስ አንድ ሊትር ውሃ የሚይዘው ጥቂት ናኖሞል ጋዝ ነው፤ ከግራም አንድ ሚሊዮንኛውን እንኳ አይሞላም። የመለኪያ መሣሪያው ይህን ያህል ጥቂቱንም መለካት ይችላል። ሂሊየም ጋዙን ከውሃው ጠርጎ ያወጣዋል፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን የቀዘቀዘው ቱቦ ይይዘዋል፣ ሲሞቅ ተለቆ ወደ ጋዝ ክሮማቶግራፉ ይገባል፤ በሃይድሮጅን ነበልባል ውስጥም ድኙ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል።

የእኔ ጭንቀት ከዚያ በፊት ያለው ማጣሪያ ነው። ውሃው ውስጥ የሟሟውን ዲኤምኤስፒ ከሴሉ ውስጥ ካለው ለመለየት ማጣራት ግድ ነው። ፓምፕ ሲስብ ግን ሴሎቹ የመስታወት ቃጫው ላይ ይፈነዳሉ፤ የያዙትም ሁሉ የሟሟ መስሎ ይቆጠራል። ጠጅ የሚያጠል ሰው አንቡላውን ጨምቆ ጠጁ ላይ እንደማይመልሰው፣ እዚህም መጭመቅ የለም። ኪን እና ስሌዛክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ ውሃው በራሱ ክብደት ብቻ እንዲንጠባጠብ አድርገው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሚሊሊትሮች ብቻ ወሰዱ። ያገኙት የሟሟ ዲኤምኤስፒ ቀድሞ ይመዘገብ ከነበረው እጅግ ያነሰ ሆነ። ጠብታው ዝግ ብሎ ይወርዳል፤ ከኋላ ሌሎች ጠርሙሶች ተደርድረው ሲጠብቁ እጅ ወደ ፓምፑ መሄድ ያምረዋል። እኔ ጠርሙሶቹን ብቀንስ እመርጣለሁ።

በአንታርክቲካው ሮስ ባሕር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እዚያ የሚፈላው ፌዮሲስቲስ የተባለ ፋይቶፕላንክተን ሴሎቹን በልጋግ ሸፍኖ ይኖራል፤ ሲነካ ቶሎ ይበተናል። ናሙና እንዳይበላሽ የሚጨመረው አሲድም በፌዮሲስቲስ ውሃ ላይ አይሠራም፤ ዲኤምኤስፒው ወዲያው ይሰነጠቃል። እዚያ አሲድ ከመጨመሩ በፊት ናሙናውን በማይክሮዌቭ ማፍላት ኢንዛይሙን ያከሽፈዋል። ስለዚህ የሌላ ሰው ሰንጠረዥ ሲደርሰኝ አስቀድሜ የማነበው የማጣሪያውንና የአሲዱን ዓምድ ነው፤ እነሱ ባዶ ከሆኑ የሟሟውን ቁጥር ከእኔው ጋር አልደምረውም።