የጅምላ ስም ለውጥ በምን ይመዘናል?

አንድ ሺህ የፋይል ስም በአንድ ትእዛዝ መለወጥ ዛሬ ብርቅ አይደለም። ለዚህ የሚያገለግለውን ሬጉላር ኤክስፕረሽን፣ ማለትም የጽሑፍን ቅርጽ በምልክት የሚገልጽ ፓተርን፣ ስቴፈን ክሊኒ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሒሳብ ቀመረው፤ ኬን ቶምፕሰንም በ1968 ለጽሑፍ ፍለጋ የሚውልበትን ስልት አሳተመ፤ ከዚያ ወዲህ በየኮምፒውተሩ ገብቷል። ሥራው ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ግን ፓተርኑ ሳይነካ በተዋቸው ፋይሎች ነው።

የፎቶ ቤት ፎልደር እንውሰድ። ውስጡ «ሰርግ_2»፣ «ሠርግ_10»፣ «መልስ_4» እና የኪራይ ደረሰኝ የሆነው «የሰርግ_ኪራይ_3» አሉ እንበል። የሚፈለገው የሰርጉን ፎቶዎች ብቻ «2016_ሰርግ_0002» በሚል መልክ ማስተካከል ነው። ጀማሪ «ሰርግ» ብሎ ይፈልጋል። በንጉሡ ሠ የተጻፉት ያመልጡታል፤ የኪራዩ ደረሰኝ ግን ሰተት ብሎ ይገባል። የለመደ እጅ ኤክስቴንሽኑን ወደ ጎን ትቶ «^[ሰሠ]ርግ_([0-9]+)$» ይጽፋል። «^» ስሙ ከዚህ ይጀምር፣ «$» እዚህ ይለቅ ማለት ነው፤ «[ሰሠ]» ከሁለቱ ፊደላት አንዱን ይቀበላል፤ ቅንፉ ቁጥሩን ይዞ ያቆያል። ደረሰኙም መልሱም ባሉበት ይቀራሉ።

እዚህ ላይ ሌላ አደጋ አለ። «ሰርግ_2» እና «ሠርግ_2» ሁለቱም ካሉ አዲሱ ስማቸው አንድ ይሆናል። ስም የሚለውጠው የሊነክስ «ኤምቪ» (mv) ትእዛዝ ደግሞ ካልከለከሉት በቀር ነባሩን ፋይል ሳይጠይቅ ይተካዋል። ስለዚህ ጥሩ ሠሪ አሮጌውንና አዲሱን ስም ጎን ለጎን የሚያሳይ ዝርዝር አስቀድሞ ያወጣል፤ የሚጋጭ ካለ ሥራውን ያቆማል። ሲጨርስም የፋይሎቹ ብዛት እንደነበረ መሆኑን ያያል፤ ዝርዝሩንም ለመመለሻ ያስቀምጠዋል።

ዜሮዎቹ ለጌጥ አልገቡም። ብዙ ፕሮግራም ስሞችን የሚደረድረው ምልክት በምልክት እያነበበ ስለሆነ 10 ከ2 ይቀድማል፤ ዜሮ ሲሞላበት ተራው ይስተካከላል። ቀንም ከዓመት ጀምሮ ወደ ወርና ዕለት ሲጻፍ ነው ተራውን የሚይዘው። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ ወሩን እስከ 12 ብቻ የሚቀበል ፓተርን ጳጉሜን፣ ማለትም 13ኛውን ወር፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይዘለዋል።

በጣም ሊጠረጠር የሚገባው «.*»፣ ማለትም «ማንኛውም ምልክት በማንኛውም ብዛት»፣ ነው፤ ለከት የለውም። ከ«(ቦሌ)_ኬክ_(ቅጂ)» ላይ «(ቅጂ)» የሚለውን ለማጥፋት «\(.*\)» ቢጻፍ («\» ቅንፉን እንደ ተራ ምልክት ያስቆጥረዋል) ከመጀመሪያው ቅንፍ እስከ መጨረሻው ጠራርጎ ይወስዳል፤ ኬኩም ቦሌም አብረው ይጠፋሉ። «\(ቅጂ\)$» ግን የተባለውን ብቻ ይቆርጣል። «.*» የበዛበት ፓተርን ሲያዩ ጸሐፊው ፋይሎቹን በቅጡ አላያቸውም ብለው ቢጠረጥሩ አይሳሳቱም።

የመጨረሻው ፈተና ቀላል ነው፤ ያንኑ ትእዛዝ በዚያው ፎልደር ላይ ደግመው ያስኪዱት። ጥሩ ከሆነ አንድም ስም አይለወጥም፤ ምክንያቱም የተስተካከለው ስም በ«2016» ስለሚጀምር «^[ሰሠ]» አይነካውም። «2016_2016_ሰርግ» የሚል ስም ብቅ ካለ ግን ፓተርኑ የጀመረውን ከጨረሰው መለየት አይችልም፤ እንዲህ ያለውን ሥራ አይረከቡት።