ስለ ዝዋይ ደሴቶች የተጻፈውና ያልተጻፈው
(ስለ ዛይ ሕዝብ በቀረቡ ጥናቶች ላይ የተሰጠ ሒስ)

ከአቦምሳ ወይም ከአሰላ የመጣ አንድ ተማሪ የአርሲን ታሪክ ቢጠየቅ፥ ስለ ገዳ ሥርዓትም ሆነ በ1886 ስለ ተፈጸመው የምኒልክ ዘመቻ በመጠኑ የሚለው አያጣም። ስለ ዝዋይ ደሴቶች ቢጠየቅ ግን መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰድዶ በዚያ 70 ዓመት ተቀመጠ የሚለውን ትውፊት ይነግረናል። በደሴቶቹ ላይ ዛሬም የሚኖር ሕዝብ እንዳለ፥ ሕዝቡም ከኦሮሞኛም ከአማርኛም የተለየ የገዛ ራሱ ቋንቋ እንዳለው የሚያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። በዚህ ተማሪውን መውቀስ አይገባም። እርሱ የሚመልስልን እኛ የጻፍንለትን ነውና። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተጻፈውን መመርመርና የተዘለለውን ማመልከት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ኦሮሞዎች ደምበል የሚሉት የዝዋይ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። የመቂና የቀታር ወንዞች ይገቡበታል፤ ትርፉ ውሃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይወርዳል። ከደሴቶቹ ዋናዎቹ አምስት ሲሆኑ፥ እነርሱም ቱሉ ጉዶ፥ ጸደቻ፥ ፉንዱሮ፥ ገሊላና ደብረ ሲና ናቸው። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን፥ በላዩ ባለው ገዳም ስም ደብረ ጽዮን ተብሎም ይጠራል። ነዋሪዎቹ ራሳቸውን ዛይ ይላሉ፤ ጎረቤቶቻቸው ኦሮሞዎች ላቂ ይሏቸዋል። ዛዮች ዓሣ አጥማጆች፥ ሸማኔዎችና በተራራው ገደል ላይ እርከን ሠርተው የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። የአርሲ ምድር በምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ ወዲህ ብዙዎቹ የመሬት ጥበት ስላስጨነቃቸው ወደ ሐይቁ ዳርቻ ወጥተው ሰፍረዋል። እንግዲህ የዛይን ነገር የሚያጠና ሰው ደሴቱን ብቻ ሳይሆን መቂንና ዛሬ ባቱ የምትባለውን የዝዋይን ከተማም ማየት ይኖርበታል።

ስለ እነዚህ ደሴቶች ከተጻፈው ውስጥ አንዱ ክፍል የሚያተኩረው በገዳማቱ ላይ ነው። ለምሳሌ ፖል ሄንዝ በ1989 ባሳተመው ጥናት ደሴቶቹን በደቡብ የቆመ የክርስትና ጠረፍና የመካከለኛው ዘመን ሥዕልና ብራና ማከማቻ አድርጎ አቅርቧቸዋል። ይህ ሥራ ትልቅ ጥቅም እንዳለው አይካድም። ብዙ ሰው የማያውቀውን ቅርስ በጽሑፍ አኑሮልናል። የጉድለቱ ምንጭ ከጸሐፊው ትጋት ይልቅ አስቀድሞ የተነሣው ጥያቄ ነው። ደሴቱን እንደ ግምጃ ቤት የሚያይ ተመራማሪ የሚጠይቀው በውስጡ ምን ዕቃ እንዳለ ነው፤ ግምጃ ቤቱን ለብዙ መቶ ዓመታት የጠበቀው ሰው በምን ቋንቋ ልጁን እንደሚያባብል፥ በምን ቋንቋ ሙሾ እንደሚያወርድ ግን አይጠይቅም።

ከዚህም የሚከፋው፥ የስደቱ ትውፊት የሕዝቡ ታሪክ ሁሉ ተደርጎ መወሰዱ ነው። ትውፊት በራሱ ማስረጃ ስለ ሆነ መናቅ የለበትም፤ ከሌላ ማስረጃ ጋር ሳይመዛዘን ሲቀር ግን ያሳስታል። ሮበርት ሄትዝሮን በ1972 የኢትዮጵያን ሴማዊ ቋንቋዎች ሲመድብ፥ ዛይኛን ከስልጥኛና ከወላንኛ ጋር በምሥራቅ ጉራጌ ክፍል አስቀምጦ፥ ከሐረሪኛ ጋር አዛምዶታል። ዛዮች በሙሉ ከአክሱም የመጡ ካህናት ልጆች ከሆኑ፥ ቋንቋቸው ወደ ትግርኛ ሳያዘነብል ስለ ምን ወደ ሐረርና ወደ ስልጤ አዘነበለ? አንድም ካህናቱ ቀድሞ በዚያ ከነበረ ሕዝብ ጋር ተቀላቅለው ቋንቋውን ወርሰዋል፤ አንድም የሕዝቡ መነሻ ከአንድ በላይ ነው። በሁለቱም መንገድ ብንሄድ፥ ታሪኩ ከታቦቱ ስደት የሰፋ መሆኑ ግልጽ ነው። ደግሞም የሐረሪና የስልጤ ሕዝብ በብዛት እስላም ሲሆን ዛይ ክርስቲያን ነው። ይህም ቋንቋና ሃይማኖት በአገራችን ሁልጊዜ በአንድ መንገድ እንደማይጓዙ የሚያስረዳ ድንቅ ምሳሌ ነበር፤ ዳሩ ግን ለማስተማሪያነት ሲጠቀስ አይሰማም።

ሁለተኛው ክፍል የቋንቋ ሊቃውንት ሥራ ነው። ቮልፍ ሌስላው በ1999፥ ሮኒ ማየር ደግሞ በ2005 የቋንቋውን ሰዋስው በመጽሐፍ አሳትመዋል። የፊተኛው በእንግሊዝኛ፥ የኋለኛው በጀርመንኛ ነው። እነዚህ መጻሕፍት ባይኖሩ ኖሮ ስለ ዛይኛ ከስሙ በቀር በእርግጥ የምንናገረው አይኖርም ነበር። ሆኖም ቋንቋውን የሚናገሩት ሰዎች ከእነዚህ መጻሕፍት አንዳቸውንም ሊያነቡ አይችሉም። ቃሉ ከደሴቱ ወጥቶ ወደ አውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ሄዷል፤ ወደ ባለቤቱ ግን አልተመለሰም። በውጭ አገር የተማርን መምህራንም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለንም፤ የምንጽፈው ለመረመሩን ሊቃውንት እንጂ ላስተማሩን ሽማግሌዎች አይደለምና።

በሁለቱም ወገን ጥናቶች ዘንድ ተገቢውን ቦታ ያላገኘው ትምህርት ቤቱ ነው። የአንድ ትንሽ ሕዝብ ዕጣ የሚወሰነው ግን በአብዛኛው በዚያ ነው። በቀድሞው ዘመን የደሴት ልጅ በቤተ ክርስቲያን ፊደል ቈጥሮ ዳዊት ይደግም ነበር፤ የሚማረውም በግዕዝ ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ሆነ። በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፤ ከእነዚህ አንዱ የዛይኛ እኅት የሆነው ስልጥኛ ሲሆን፥ ዛይኛ ግን አልተቈጠረም። ከ1991 በኋላ በኦሮሚያ ትምህርት በላቲን ፊደል በሚጻፍ ኦሮሞኛ ሆነ። በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ደገፈ፤ በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 39 ማናቸውም ብሔረሰብ በቋንቋው የመናገርና የመጻፍ መብት እንዳለው ደነገገ። ኦሮሞኛ ለብዙ ሚሊዮን ልጆች የአፍ መፍቻ ነውና ለእነርሱ ፍትሕ ተደርጓል። ለዛይ ልጅ ግን የተለወጠው የማያውቀው ቋንቋ ስም ብቻ ነው። መንግሥት በተለወጠ ቍጥር የትምህርቱ ቋንቋ ተለወጠ፤ ሦስቱም መንግሥታት በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ዛይኛን ከክፍሉ ደጅ አቆሙት።

የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት ወደ ሌላ ደሴት መመልከት ይጠቅማል። በአየርላንድ ምዕራብ ጠረፍ ታላቁ ብላስኬት በምትባለው ደሴት የጌልኛ ተናጋሪ የሆኑ ዓሣ አጥማጆች ይኖሩ ነበር። በ1907 ማርስትራንደር የተባለ የኖርዌይ ሊቅ ቋንቋውን ለመማር ወደዚያ መጣ፤ ያስተማረውም ቶማስ ኦክሪፈን የሚባል ገበሬና አጥማጅ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሊቃውንት ተከተሉ። ነገር ግን እነዚህ እንግዶች ቃል ለቅመው በመሄድ አላበቁም፤ ደሴተኛው ራሱ እንዲጽፍ አበረታቱት። ስለዚህ ቶማስ የሕይወቱን ታሪክ በገዛ ቋንቋው ጽፎ በ1929 አሳተመ፤ ፔግ ሴየርዝ የተባለችው ባልቴትም ታሪኳን ለልጇ እየነገረች አስጽፋ በ1936 ታተመላት። መጽሐፉ ደሴቱን አላዳነም። ትምህርት ቤቱ በ1941 ተዘጋ፤ በ1953 መንግሥት የቀሩትን ነዋሪዎች ወደ የብስ አወጣቸው። ቢሆንም ዛሬ ስለዚያ ሕዝብ የሚመረምር ሰው ዋና ምስክሩ ሕዝቡ ራሱ ነው። የዝዋይ ደሴቶች ግን እስከ ዛሬ ድረስ በሰፊው የሚታወቁት በእንግዳ አንደበት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። በ1994 የተሰጠው ግምት የዛይኛን ተናጋሪዎች ወደ 5 ሺህ ያደርሳቸዋል፤ ለዚህን ያህል ሕዝብ መጽሐፍ ማሳተምና መምህር ማሠልጠን አይቻልም ይባላል። ደግሞም የዛይ ልጅ ዓሣውን በመቂ ገበያ የሚሸጠው በኦሮሞኛ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ቢሄድ አማርኛ ያስፈልገዋል፤ በቋንቋው ብቻ ቢማር በሐይቁ ውስጥ ታስሮ ይቀራል የሚሉ አሉ። ይህ ተቃውሞ ከባድ ነው፤ አባትና እናት ለልጃቸው እንጀራ የሚሆነውን ቋንቋ ቢመርጡም ሊነቀፉ አይገባም። የፊደሉም ነገር ቀላል አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር በግዕዝ ፊደል ይጻፍ ወይስ ከትምህርት ቤቱ ጋር በላቲን የሚለውን ሕዝቡ ራሱ መምከር አለበት። ነገር ግን ተቃውሞው የሚመልሰው ማንም ያላነሣውን ጥያቄ ነው። በዛይኛ ብቻ ይማሩ ያለ የለም። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያውቀውን ነገር በሚያውቀው ቃል ቢማር፥ የሐይቁ፥ የታንኳው፥ የእርከኑና የሽመናው ታሪክ በአንዲት ትንሽ የንባብ መጽሐፍ ቢቀርብለት፥ ኦሮሞኛውም አማርኛውም አይጐዳም። ይልቁንም ይጸናል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መነሻ በከፊል ተዘጋጅቷል። ሰዋስው ተጽፏል፤ መዝገበ ቃላትም አለ። የጎደለው ከሊቁ መጽሐፍ ወደ ልጁ መጽሐፍ የሚያሻግር ሰው ነው። ደሴተኛ ሐይቁን የሚሻገረው በታንኳ ነው፤ ታንኳም ወደ የብስ ወስዶ እንደሚያደርስ ሁሉ መልሶ ወደ ደሴቱ ያመጣል። የእኛ ጥናት እስካሁን የሠራው የመሄጃውን መንገድ ብቻ ነው። ወደፊት ስለ ዛይ የሚጽፍ ሁሉ፥ ሥራው ከመታተሙ በፊት፥ ይህን ጽሑፍ በቱሉ ጉዶ ማን ሊያነበው ይችላል ብሎ ራሱን ቢጠይቅ፥ ጥናቱም ይታረማል፤ ከአቦምሳ የሚመጣው ተማሪም ሌላ መልስ ይዞ ይመጣል።